ቱቦው የት እንደሚሄድ አሳዩን፦ ለካርቱን ሰሪዎች ከጎንደር የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የፖለቲካ ካርቱን ለምትስሉና ካርቱን የሚወጣበት ዌብሳይት ለምትሰሩ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ስዕላችሁ ግማሹ መንገድ ላይ እየቀረ ስለመሆኑ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጎንደር ፒያሳ ስቲከርና ባነር የማትም ሰው ነኝ። ድሮ ታፔላ በእጄ ነበር የምጽፈው፣ አሁን ብሩሹን ማሽን ቀምቶኝ ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ሳስተካክል ነው የምውለው። የፖለቲካ ሰው አይደለሁም፣ ካርቱን ግን ነፍሴ ነው፣ ስለዚህ የምጽፈው ልሳደብ ፈልጌ ሳይሆን የምወደው ነገር ሲበላሽ አይቼ አላስችለኝ ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም አንድ ባለባጃጅ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና "ጋሼ ይችን ለባጃጄ ጀርባ ያትሙልኝ፣ ግን ትልቅ ትሁን" አለኝ። አየኋት። ነዳጅ ማደያ አለ፣ የባጃጅ ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ ከተራራው ጀርባ ይጠፋል፣ ፊት የቆመው ባጃጅ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች፣ የማደያው ቱቦ ደግሞ ወደ ባጃጁ አይመጣም፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል ይሄዳል ከዚያ ስዕሉ ያልቃል። እኔም ሳቅኩ እሱም ሳቀ፣ እሱ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወጥቶ ማደያ በር ላይ ያደረ ስለነበር ሳቁ ከኔ ትንሽ መረር ይል ነበር።

"ቱቦው ግን ወዴት ነው?" አልኩት።

"እንጃ፣ የትም አይደርስም ለማለት ነው መሰለኝ" አለኝ።

ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ወርዱ 480 ፒክስል ነው። ይሄን ወደ 1 ሜትር ልዘርጋው ብል በአንድ ኢንች 12 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፣ እኔ ከሩቅ ለሚታይ ባነር እንኳ ከ72 በታች ሲሆን አልነካም። በዚያ ላይ ጥጉ ላይ የሦስት ቴሌግራም ቻናል ስም አንዱ ባንዱ ላይ ታትሞበታል፣ ከሥሩ የሰዓሊው ፊርማ ግማሹ ይታያል ግማሹ ተቆርጧል። "ዋናውን ሳላገኝ አላትምም" አልኩትና በጉግል ሌንስ ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፣ ዌብሳይት ላይ። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ባለቤቱ ካነበበው ራሱን ያውቃል።

እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ቶና ደርሷል። መጀመሪያ "ይመዝገቡ" የሚል ሳጥን ዘሎ መጣ፣ እሱን ስዘጋ የቤቲንግ ማስታወቂያ፣ እሱን ስዘጋ ከታች ሌላ። ከዚያ ካርቱኖቹ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተደርድረው መጡ፣ ደስ የሚል ይመስላል፣ እንደ ንጣፍ ሴራሚክ እኩል እኩል። የኔዋም አለች፣ ግን ልጁ ያመጣት ስዕል ራሷ ናት፣ ቱቦው ወደ ቀኝ ሄዶ ያልቃል። ስነካት ነው ትልቋ የተከፈተችው፣ ለካ ስዕሉ ሰፊ ነው! ቱቦው ሄዶ ሄዶ ቀኝ ጥግ ላይ ፈገግ ብሎ የቆመ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ኪሱ ተነፍቶ ቁልፉ ሊበጠስ ደርሷል።

ልጁ ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ "ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት፣ ይሄን ሳላይ ነው ስስቅ የከረምኩት?" አለ።

እንግዲህ አስቡት። ሰዓሊው ስንት ሌሊት አምጦ ያመጣትን ነገር ዌብሳይቱ ገና በሩ ላይ ቆርጦ ጥሏታል፣ ማንም በክፋት አላደረገውም፣ ገጹ ሲሰራ "ሁሉም ስዕል እኩል አራት ማዕዘን ይሁን" ተብሎ ስለታዘዘ ነው። ለምግብ ፎቶ ወይም ለሰርግ ፎቶ ይሄ ችግር የለውም፣ መሀሉ ከታየ ይበቃል። የካርቱን ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ነው ያለው። ሰውም ስክሪንሾት የሚያነሳው መጀመሪያ ያየውን ነው፣ ከዚያ በቴሌግራም ይሄዳል፣ ከዚያ ባጃጅ ጀርባ ይለጠፋል። ስዕሉ ሰፊ ከሆነ ሰፊ ሆኖ ይውጣ፣ ረጅም ከሆነ ረጅም፣ ገጹ ላይ ቢዥጎረጎር ምን አለበት? ትንሿን ምስል የግድ መቁረጥ ካለባችሁም በእጃችሁ ቁረጧት፣ የት መቆረጥ እንዳለበት የሚያውቀው የሳለው ሰው ነው እንጂ ኮዱ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጽሑፉ ነው፣ እዚህ ላይ እንደ ታፔላ ጸሐፊ ትንሽ ልመጻደቅ ፍቀዱልኝ። የሰውዬው ኪስ ላይ አንዲት ቃል ተጽፋለች። ስልክ ላይ እኔ "በላ" ብዬ አነበብኩት፣ ባለባጃጁ "በሉ" ነው አለ፣ ተከራከርን። ልዩነቱን ታውቁታላችሁ፣ "በላ" ከሆነ አንድ ሰው ነው፣ "በሉ" ከሆነ ብዙ ናቸው፣ ወይ ደግሞ አንድ የተከበሩ ሰው ናቸው! የስዕሉ ፖለቲካ በሙሉ ላ እና ሉ መሀል ያለችው ጭረት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጭረቷ ደግሞ ስልክ ላይ አትታይም። ለምን አትታይም? ሰዓሊው የሳለው በኤ4 ወረቀት ነው እንበል፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የስልክ ስክሪን ወርድ ግን ወደ 6 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከሲሶው በታች ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የነበረ ፊደል ስልክ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ላቲን ፊደል ሲያንስ ቅርጹ ብዙም አይጠፋም፣ የኛ ግን ሱ እና ሲ የሚለዩት አንዷ ጭረት እግሩ ወገብ ላይ ወይ እግሩ ጫፍ ላይ በመሆኗ ነው፣ ሲያንስ ሁለቱም አንድ ጉድፍ ናቸው። ታፔላ ስንጽፍ ጌታዬ ያስተማረኝ ከመንገዱ ማዶ ሄጄ ቆሜ እንዳነበው ነበር፣ እናንተም ስዕሉን ከመልቀቃችሁ በፊት ርካሽ ስልክ ላይ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ እዩት፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በትልቅ ስክሪን አይታችሁ አትልቀቁት።

እግረ መንገዴን ስለ ጄፔግም ልናገር። ጄፔግ ለፎቶ የተሰራ ነው፣ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ስታሰምሩበት በመስመሩ ዙሪያ ትቢያ የመሰለ ነገር ያራግፋል፣ ሰው አውርዶ ደግሞ ሲልከው ትቢያው ይጨምራል፣ በአምስተኛው ሰው ላይ ያች የሉ ጭረት ትቢያ ውስጥ ተቀብራለች። ለመስመር ስዕል ፒኤንጂ ነው የሚሻለው፣ መስመሩን አያበላሽም፣ ቀለሙ ጥቂት ከሆነ መጠኑም ትንሽ ነው። ዌብፒ የሚባለውም አለ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያመጣው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ አንዳንድ የድሮ ፕሮግራም አልከፍትም ይለኛል እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ መሪጌታ ልምጣ። ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁ ጎረቤቴ ናቸው። በዚያን ቀን ስንከራከር ሰምተው "እስቲ አምጣው" አሉና ሙሉውን ስዕል አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና ጣታቸውን ባለባጃጁ ላይ አሳረፉ፣ ስዕሉ ውስጥ ሰልፍ ላይ ያለው ሚስኪን ላይ ማለቴ ነው። "ሌባው ይሄ ነው አይደል?" አሉኝ።

ክው ነው ያልኩት። "እንዴት መሪጌታ?"

"አንድ ዓይኑ ነዋ የሚታየው።"

ገባኝ፣ ከዚያ ከትከት ብዬ ሳቅኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ያውቀዋል፣ ጣራው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ሁሉም በሁለት ትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ያዩሃል። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ስዕል ቅዱሱ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ወለል ብሎ ነው የሚሳለው፣ ክፉው፣ ከሐዲው፣ ሰቃዩ ደግሞ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ በአንድ ዓይን። ይሄ ሕግ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተሰራ ነው፣ ማን ምን እንደሆነ ሳይነግሩህ ታውቀዋለህ። የናንተ ሰዓሊ ግን ባለባጃጁን ወደ ማደያው እያየ ስለሆነ በጎን ሳለው፣ ሱፍ ለባሹን ደግሞ ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ፈገግ አስባለው። ለመሪጌታ ስዕሉ ተገልብጦ ነው የደረሳቸው፣ ጻድቁ ቱቦ ኪሱ የገባለት ሰውዬ ሆኖ ቁጭ አለ! ሰዓሊውን ተሳስተሃል እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም አውቆ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ተንኮል ነበር፣ ሌባውን እንደ ቅዱስ መሳል። እኔ የምለው፣ እዚህ ሀገር ስዕል ማንበብ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፣ በየግድግዳው በክፍል በክፍል የተሳለ ታሪክ፣ ከጎኑ በግዕዝ ማን እንደሆነ የተጻፈለት፣ ስናይ ነው ያደግነው። የውጭ ካርቱን ድረ ገጽ አይታችሁ መልኩን እንዳለ ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ቀን ሥላሴ ግቡና ሰው እንዴት ቀና ብሎ እንደሚያይ፣ ዓይኑ ከየት ጀምሮ ወደየት እንደሚሄድ እዩ። ከማንም የዲዛይን ትምህርት ይበልጣል። ይሄ ትንሽ የጎንደሬ ጉራ አለበት፣ አልክድም።

ሌላው ቀኑ ነው። ባለባጃጁ ስዕሉ የዚህ ሳምንት ነው ብሎ ነበር የመጣው። ዌብሳይቱ ላይ ቀን የለም! ሊንኩ ውስጥ ካለው ቁጥር ነው ያወቅኩት፣ የአራት ዓመት ስዕል ነው። ልጁ "እና ያኔም እንዲሁ ነበር?" አለና አንገቱን ነቀነቀ፣ እሱ ላይ ጉዳት አላመጣም፣ እንዲያውም ስዕሉ ይበልጥ መረረው። ግን ስለ ነዳጅ ባይሆንስ፣ ስለ ግጭት ቢሆንስ? የድሮ ስዕል እንደ ዛሬ ሆኖ ሲዞር ሰው ሊጣላበት ይችላል፣ ካርቱን ደግሞ ከዜና ይልቅ ቶሎ ያናድዳል። ቀኑ ይጻፍ፣ በኛም በፈረንጁም፣ ገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን ስዕሉ ውስጥ፣ ከፊርማው ጎን።

ስዕሉ ውስጥ የምለው ለምን መሰላችሁ፣ ስዕሉ እናንተ ጋ አይኖርማ። በ2015 ክረምት ሞባይል ዳታ ከክልላችን ጠፍቶ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ካርቱን ቆመ ወይ? አልቆመም። ዋይፋይ ያገኘ አንድ ሰው ያወርድና ከዚያ በብሉቱዝ በዜንደር ከስልክ ስልክ እየተላለፈ አራዳ ደርሶ አዘዞ ይወርዳል። ያኔ ዌብሳይታችሁ ላይ የጻፋችሁት ስም፣ ርዕስ፣ ማብራሪያ፣ ምኑም አብሮ አልመጣም፣ የመጣው ስዕሉ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው። የፍልስጤሙ ካርቱን ሰሪ ናጂ አል አሊ ይሄን ኢንተርኔት ሳይኖር ነበር የገባው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ስዕሉ ውስጥ ባዶ እግሩን የቆመ የ10 ዓመት ልጅ እያስገባ ነበር፣ ሐንዘላ ይለዋል፣ ከ1973 ወዲህ ደግሞ ልጁ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚቆመው። ስሙን ብትቆርጠው ልጁ አለ፣ ልጁ ካለ የማን ስዕል እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰውዬውን እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ በጥይት ገደሉት፣ ልጁ ግን እስከ ዛሬ በየግድግዳው ይሳላል። የናንተም ፊርማ ጥጉ ላይ አይሁን፣ ጥግ ይቆረጣል፣ እንደኛዋ። መሀል አስገቡት፣ ባጃጁ ታርጋ ላይ፣ የማደያው ታፔላ ላይ፣ ማንም ሳያበላሸው ሊያወጣው የማይችልበት ቦታ።

ቀላል መሆኑም ነው የሚያስጉዘው። እ.ኤ.አ. በ1831 ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን የሚባል አሳታሚ ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን ዘልፈሃል ተብሎ ችሎት ቀረበ። እሱም እዚያው አራት ስዕል ሳለላቸው፣ አንደኛው የንጉሡ ፊት፣ ሁለተኛው ጉንጩ ሰፋ ያለ፣ ሦስተኛው ይበልጥ ሰፋ ያለ፣ አራተኛው ላይ ንጉሡ የሉም፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ፒር የሚባለው ፍሬ ብቻ። "የትኛው ላይ ነው ወንጀሉ የሚጀምረው?" ነው ነገሩ። ከእስር አልዳነም፣ ፍሬዋ ግን የፓሪስ ልጆች ከሰል ይዘው በየግንቡ የሚሞነጫጭሯት ሆነች። ማንም ሊስላት ስለሚችል ነው። አሁን አንዳንዱ ካርቱን በኮምፒውተር ብዛት ጥላው፣ ጭሱ፣ የሰውዬው የፀጉር ዘለላ ሁሉ ተቆጥሮ ይሳላል፣ ያምራል፣ ግን ዞር ስትል ምን እንዳየህ አታስታውስም። ለአንዷ ስዕል 6 ሜጋ ስትሰቅሉ ደግሞ ገጹን የሚከፍተው ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው፣ የቀን ፓኬጁ በናንተ ጭስና ጥላ ያልቃል። መጀመሪያ ስልክ የሚበቃትን ትንሿን አሳዩ፣ ትልቋን የፈለገ ነክቶ ያውርድ፣ ከታች ያሉት ስዕሎች ደግሞ ሰውዬው ወደ ታች ሲወርድ ይምጡ እንጂ ባንዴ አትዘርግፏቸው።

ማብራሪያ የምታበዙት ነገርም አለ። ከካርቱኑ በላይ ሦስት አንቀጽ፣ "ይህ ካርቱን የሚያሳየው..." ምናምን። ቅኔ ዘርፎ ወርቁን ራሱ ፈትቶ የሚያጎርስ ባለቅኔ የት አይታችኋል? ጉባኤው ምን ሊሰራ ተቀመጠ? ከሥሩ አንድ መስመር በቂ ነው፣ ስዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን በፊደል ደግማችሁ ጻፉት፣ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው፣ ዓይነ ስውር የሆነ ሰውም ስልኩ እንዲያነብለት። እኔ "ነዳጅ" ብዬ ስፈልግ ያ ስዕል አልመጣልኝም ነበር፣ ምክንያቱም ለጉግል ስሙ "አይኤምጂ" ሰረዝ የሆነ ቁጥር ነው።

አንድ ወዳጄ ይሄን ሳጫውተው "ዌብሳይት ምን ያደርግላቸዋል፣ ቴሌግራም ላይ አይለቁም?" አለኝ። አልስማማም። የሰው ቤት የሰው ነው። ማርክ ፊዮሬ የሚባል አሜሪካዊ ኢንተርኔት ላይ ብቻ በሚያወጣቸው ተንቀሳቃሽ ካርቱኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸልሟል፣ ያው ሰውዬ ግን ከሽልማቱ በፊት ካርቱኑን የሚያሳይ አፕ ሰርቶ ሲያቀርብ አፕል ታዋቂ ሰዎች ላይ ያፌዛል ብሎ መልሶበት ነበር፣ ከተሸለመ በኋላ ነው የተቀበሉት። ጋዜጣም ቢሆን ዋስትና አይደለም፣ ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓለም አቀፍ እትሙ የፖለቲካ ካርቱንን ጨርሶ አስወጥቷል። ስለዚህ ቴሌግራሙንም ልቀቁ፣ ግን ዋናው መዝገብ፣ ሙሉው ስዕል ከነቀኑ የሚቀመጥበት፣ የራሳችሁ ቤት ይኑራችሁ። ቤቱ ብቻ ሰው የሚገባበት ይሁን፣ በሩ ላይ ቤቲንግ አታቁሙበት።

ማስታወቂያው ገቢ ስለሆነ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ሰው በባዶ ሆዱ አይስልም። ታዲያ የኔን ብር ለምን አልወሰዳችሁም? የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ስዕሉ የሰዓሊው ነው ይላል፣ እኔም ሳላስፈቅድ ማተም አልፈለግኩም፣ ልጁም ለመክፈል ዝግጁ ነበር። ግን ገጹ ላይ የት እንደምጠይቅ የለም። "ያግኙን" የሚለውን ስነካ ባዶ ገጽ ነው የመጣው። አንዲት መስመር ብትኖር፣ ለስቲከር ይህን ያህል፣ ለቲሸርት ይህን ያህል፣ ለትምህርት ቤት በነጻ፣ እዚህ ክፈሉና ትልቁን ፋይል ውሰዱ የምትል። በየከተማው እንደኔ ያለ አታሚ ስንት ነው፣ እየሰረቀም እያተመም ያለ፣ ግማሹ ቢከፍላችሁ እንኳ ከቤቲንጉ አይሻልም?

ልጁ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። "ጋሼ እንዴት ሆነ?" "ገና አላገኘኋቸውም።" ያቺን 480 ፒክስሏን እንዳለች አትምልኝ ብሎ ለመነኝ፣ እንቢ አልኩ፣ እሱም ተናዶ ሌላ ሱቅ ሄደ። ትናንት ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ቆሞ አየሁት፣ ስቲከሩን ለጥፎታል፣ ደብዝዛ፣ ሦስቱ ቻናል ከነስማቸው፣ ቱቦው ወደ ቀኝ ሄዶ ሄዶ ሸራው ጫፍ ላይ ያልቃል። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ልጁ ቱቦው ካለቀበት ቀጥሎ በማርከር ኪስ ስሎበታል። ኪሱ ላይ "በሉ" ብሎ ጽፏል፣ ጭረቷን ደግሞ አወፍሯታል።

አክባሪያችሁ
ባለ ስቲከሩ፣ ጎንደር ፒያሳ